አንድ ጠርሙስ አሞክሳሲሊን ስንት ቀን ያደርሳል?

የዛሬ ሁለት ሳምንት አርብ ማታ ኩሽና ቆሜ ባዶ የሲሮፕ ጠርሙስ ልጥል ስል ታናሽ ወንድሜ "ቆይ እስኪ" ብሎ ከእጄ ወሰደው። ልጄ 6 አመቱ ነው፣ ቶንሲል ይዞት ሰኞ ጠዋት ነው አሞክሳሲሊን የጀመረው። ሮብ ላይ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሀሙስ እንደ ድሮው ሶፋ ላይ ሲዘል ነበር፣ አርብ ማታ ደሞ የመጨረሻዋን 10 ሲሲ ጠጣና ጠርሙሱ አለቀ፣ እኔም በቃ መድኃኒቱን ጨረሰልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንስቶ አየው፣ ከዛ ፍሪጁ ላይ የነበረውን የመድኃኒቱን ካርቶን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ የፋርማሲውን ጽሁፍ አነበበና "እታለም፣ 10 ቀን አይደል እንዴ የሚለው? ዛሬ እኮ 5ኛው ቀን ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ "10 ሲሲ ጠዋትና ማታ ለ10 ቀን" ተብሎ ተጽፏል። ጠርሙሱ ደሞ 100 ሲሲ ነው። በቀን 20 ሲሲ የሚጠጣ ልጅ 100 ሲሲ ስንት ቀን ያደርሰዋል? 5 ቀን። ሁለት ጠርሙስ ነበር መስጠት የነበረባቸው፣ አንድ ሰጡኝ፣ እኔም ከፍዬ ወጣሁ፣ አንዳችንም አላሰላነውም። ይሄ እኔ ቤት መሆኑ ነው በጣም ያስደነገጠኝ፣ ምክንያቱም ወንድሜ የልብ ታማሚ ነው፣ ልቡን ያሳመመው ደሞ ልክ እንደዚህ በግማሽ የቀረ የቶንሲል መድኃኒት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቤታችን ውስጥ ጉሮሮ ማመም ማለት "ብርድ መትቶት ነው" ማለት ነበር፣ ዝንጅብል ተቀቅሎ በማር ይጠጣል፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ ካልተሻለ እማዬ ሱቅ እንደሚላክ ሰው ከመድኃኒት ቤት 10 ፍሬ ካፕሱል ገዝታ ትመጣለች። ወንድሜ 11 አመቱ ላይ ጉሮሮው አብጦ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር፣ በዛው ሰሞን ታላቅ ወንድማችንንም ያመው ስለነበር እማዬ ካፕሱሉን አካፈለቻቸው፣ ለትንሹ 6 ለትልቁ 4። በሁለተኛው ቀን ተነሳ፣ ዳነ ተባለ፣ ተረሳ። እማዬን ለመውቀስ አይደለም ይሄን የምጽፈው፣ ያላትን ያወቀችውን አድርጋለች፣ ማንም አልነገራትም።

ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው ብለን ወጌሻ ጋ ተወሰደ፣ ታሸ፣ አለቀሰ። ሁለት ቀን ቆይቶ የቀኙ ሻል ሲለው የግራው ያዘው፣ ከዛ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዛ ክርኑ፣ ህመሙ በሰውነቱ ላይ ሲዘዋወር ሁላችንም እያየን ማናችንም አላወቅነውም። ቁርጥማት ነው ተባለ፣ ቅቤ ተቀባ፣ በራሱ ጊዜ ጠፋ። 15 አመቱ ላይ ነው ወደ ቤተክርስቲያን የምትወስደዋን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው መሃል ላይ መቀመጥ የጀመረው። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለ፣ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳ፣ ማይትራል የሚባለው የልቡ ቫልቭ ተጎድቷል ተባለ። ሐኪሙ እማዬን የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ "ልጅ እያለ ቶንሲል በተደጋጋሚ ይይዘው ነበር?"

ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ይሄ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ ሰውነታችን እሱን ሊዋጋ ያዘጋጀው መከላከያ በመመሳሰል የተነሳ የራሳችንን መገጣጠሚያና ልብ ማጥቃት ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉሮሮው ህመም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ። ሐኪሞች መገጣጠሚያን ይልሳል ልብን ይነክሳል የሚሉት አባባል አላቸው፣ ወንድሜን ሳይ እውነት ነው እላለሁ፣ ጉልበቱ ላይ ዛሬ ምንም ምልክት የለም።

እና 10 ቀን የሚባለው ለዚህ ነው። ለጉሮሮው ቢሆንማ ጉሮሮው በሁለት በሦስት ቀን ይሻለዋል፣ መድኃኒት ባይወስድም እንኳ አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። 10 ቀኑ ባክቴሪያው ከጉሮሮ ጨርሶ እንዲጠፋ ነው፣ ባክቴሪያው ከጠፋ ልብ ይተርፋል። ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያሳዩት አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ፎርት ዋረን በሚባል የጦር ካምፕ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው፣ ዴኒ፣ ዋናሜከር፣ ራመልካምፕና ጓደኞቻቸው፣ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ። ወታደሮቹ አንድ ላይ ስለሚያድሩ ቶንሲል ይዛመትባቸው ነበር፣ ፔኒሲሊን (አሞክሳሲሊንም የሱ ዘር ነው) የተወጉት ላይ ሩማቲክ ፊቨር በጣም ቀነሰ። እዛው ካምፕ ከተሰራው ሥራ የተገኘ ሌላ ነገር ደሞ አለ፣ ህመሙ ከጀመረ እስከ 9 ቀን ድረስ እንኳ ፔኒሲሊን ቢጀመር ልብን መከላከል ይችላል። ይሄን ሳነብ ትንሽ ተንፍሻለሁ፣ ምክንያቱም ልጃችሁን ዛሬ አሞት ሐኪም ጋ የምትደርሱት ከነገ ወዲያ ቢሆን አልረፈደም ማለት ነው፣ በጨለማ ሮጣችሁ ያለ ማዘዣ ያገኛችሁትን ካፕሱል ከምትሰጡት ጠብቃችሁ በትክክል ብታስመረምሩት ይሻላል። (መተንፈስ ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተውና ለሃጩ ከወረደ፣ አፉን መክፈት ካልቻለ ግን እሱ ሌላ ነው፣ በሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።)

አሁን ወደ ልኩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ መቻል አለብን። ይሄን የማወራው ማዘዣችሁን እንድትረዱበት ነው፣ ራሳችሁ እንድታዙበት አይደለም እሺ።

አሞክሳሲሊን ለዚህ በሽታ በልጁ ኪሎ ነው የሚሰላው፣ በእድሜ አይደለም። ለአንድ ኪሎ በቀን 50 ሚሊግራም፣ ወይ ባንዴ ወይ ለሁለት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ፣ ለ10 ቀን፣ በቀን ከ1000 ሚሊግራም ሳይበልጥ። የኔ ልጅ 20 ኪሎ ነው፣ ሃያ በሃምሳ 1000፣ ስለዚህ 500 ጠዋት 500 ማታ። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ ሲሮፑ ላይ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም ሲሮፑ ሁለት አይነት ነው፣ አንደኛው 5 ሲሲው ውስጥ 250 ሚሊግራም ያለው፣ ሌላኛው 5 ሲሲው ውስጥ 125 ብቻ ያለው። መጀመሪያ የሰጡኝ ባለ 250 ነበር፣ 500 ለማግኘት 10 ሲሲ ይጠጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ገና በሩ ሲከፈት ሌላ ፋርማሲ ሄድኩ፣ ባዶ ጠርሙሴን ከነካርቶኑ ይዤ። ባለ 250ው የለም፣ ያለው ባለ 125 ነው አለኝ ልጁ። እኔ ቶሎ ልወስድ እጄን ስዘረጋ "አንድ ጊዜ እሜቴ" ብሎ ሁለቱን ጠርሙስ ጎን ለጎን አቆማቸው። የአንድ ፋብሪካ፣ ያው ቀለም፣ ያው ክዳን፣ ያው መጠን፣ ልዩነቱ ጥግ ላይ ያለች ቁጥር ብቻ ናት። "ይሄን 10 ሲሲ ከሰጡት ግማሹን ነው የሚያገኘው፣ ከዚህኛው 20 ሲሲ ነው ጠዋትና ማታ፣ አንዱ ጠርሙስ ሁለት ቀን ተኩል ነው የሚያደርስዎት፣ ለቀሪው 5 ቀን ሁለት ይውሰዱ" አለኝ፣ ካልኩሌተር እንኳ አላወጣም። ሁለቱንም ካርቶን ላይ በትልቁ 20 ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ወይ እኔ ቸኩዬ ብሆን፣ በለመድኩት 10 ሲሲ ቀጥዬ ልጄ የቀሩትን 5 ቀናት ግማሽ ልክ እየጠጣ ይጨርስ ነበር፣ እኔም 10 ቀን ሞላሁ ብዬ በሰላም እተኛ ነበር። ያ ልጅ እግዜር ይስጠው።

ሌላው ነገር መለኪያው ነው። የሻይ ማንኪያ በየቤቱ ይለያያል፣ የኔ ቤት ሁለት አይነት የሻይ ማንኪያ አለ፣ በስሪንጅ ለክቼ ሞከርኩት፣ አንዱ 5 ሲሲ አይሞላም ሌላው ያልፈዋል። ፋርማሲ ውስጥ መርፌ የሌለው ስሪንጅ በትንሽ ብር ይሸጣል፣ በሱ ለክታችሁ በጉንጩ በኩል ቀስ አድርጋችሁ ስጡት፣ ፊት ለፊት ወደ ጉሮሮ ከተረጨ ይታነቃል ወይ ይተፋዋል። ዱቄቱ ውስጥ የሚጨመረው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ጠርሙሱ ላይ እስካለው መስመር፣ መጀመሪያ ግማሹን ጨምራችሁ ነቅንቁና አረፋው ሲወርድ ሙሉት፣ ከዛ በየሰጣችሁ ቁጥር ነቅንቁ፣ አለበለዚያ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጥና መጀመሪያ ውሃ መጨረሻ ላይ ወፍራም ይጠጣል። ከተበጠበጠ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይ ካርቶኑ ላይ አለ፣ 7 የሚል አለ 14 የሚል አለ፣ ፍሪጅ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠው። ሁለት ጠርሙስ ከተሰጣችሁ ሁለተኛውን የመጀመሪያው እስኪያልቅ አትበጥብጡት።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ የኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ችግር ነው። "በየ8 ሰዓቱ" እና "8 ሰዓት ላይ" እኛ ጋ በቀላሉ ይምታታል። አንድ ጎረቤቴ ለልጇ የታዘዘውን መድኃኒት ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየቀሰቀሰች ስትሰጠው ከርማ ልጁም እሷም እንቅልፍ አጥተው ነበር፣ ጠዋት ላይ የሚገባው ሦስተኛው ደሞ ጭራሽ አልተሰጠም። ባለሙያዎቹ ፖስታው ላይ 1×3 ወይ 1×2 ብለው ይጽፋሉ፣ 1×2 ማለት አንድ ጊዜ ጠዋት አንድ ጊዜ ማታ ማለት ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ማታ 1 ሰዓት በሉት፣ ከቁርስና ከእራት ጋር ያያዘው ሰው አይረሳውም። አሞክሳሲሊን ከምግብ በፊትም በኋላም ይወሰዳል፣ ፔኒሲሊን ቪ የሚባለው ግን ባዶ ሆድ ላይ የበለጠ ይሰራል። እና ሰው የሚጠይቀኝ አለ፣ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣ የለም እንዴ፣ እንዴት በቀን ሁለቴ አንዳንዴም አንዴ ይበቃል? የሚበቃው ይሄ ባክቴሪያ ለፔኒሲሊን በጣም ደካማ ስለሆነ ነው፣ ትንሽ መጠን ይገድለዋል። እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን የተላመደ የዚህ ባክቴሪያ ዘር ከታማሚ ጉሮሮ ተገኝቶ አያውቅም፣ 80 አመት ገደማ ተጠቅመንበት ማለት ነው። ስለዚህ "ፔኒሲሊን ድሮ ቀረ፣ ጠንከር ያለ ስጪኝ" የምትሉ እባካችሁ ተዉት፣ ከሱ የሚበልጥ ለዚህ በሽታ የለም።

ፔኒሲሊን ቪ ከ27 ኪሎ በታች ላለ ልጅ 250 ሚሊግራም በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ ነው፣ ከዛ በላይ ላለና ለአዋቂ 500 በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ፣ ይሄም 10 ቀን። አዋቂ አሞክሳሲሊን 500 ጠዋትና ማታ ለ10 ቀን ከታዘዘለት 20 ካፕሱል ነው የሚያስፈልገው፣ አንድ 10 ፍሬ ገዝቶ በቀን ሦስት ቢውጠው በአራተኛው ቀን ጠዋት ባዶ ነው፣ አብዛኞቻችን ደሞ እንደዛ ነው የምናደርገው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሌላ ይታዘዝለታል፣ ሽፍታው ቀላል የነበረ ከሆነ ሴፋሌክሲን ለ10 ቀን፣ ከበድ ያለ ከሆነ፣ ፊቱ አብጦ ወይ ትንፋሽ አጥሮት ከነበረ፣ ክሊንዳማይሲን ለ10 ቀን ወይ አዚትሮማይሲን ለ5 ቀን። አዚትሮማይሲን ብዙ ጊዜ የምትሸጠው ሦስት ፍሬ፣ ለሦስት ቀን ሆና ነው፣ ስለዚህ ሰው ይወዳታል፣ ግን ይሄ ባክቴሪያ እሷን የመላመድ አቅም አለው፣ ፔኒሲሊን ለሚስማማው ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለባትም።

እና መርፌው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። አንድ ጊዜ መቀመጫ ላይ ይወጋል፣ ከ27 ኪሎ በታች 600 ሺህ ዩኒት፣ ከዛ በላይ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ በቃ፣ 10 ቀን መቁጠር የለም፣ ጠርሙስ የለም፣ መርሳት የለም። ከጡንቻው ውስጥ ቀስ እያለ ለሳምንታት ወደ ደም ይለቀቃል። ወንድሜ ይሄንኑ ነው በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው፣ ሌላ ቶንሲል መጥቶ ቫልቩን የበለጠ እንዳይጎዳው፣ ቫልቩ ለተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ እስከ 40 አመቱ ድረስ ይባላል። ያማል፣ ወተት የመሰለ ወፍራም ነገር ነው፣ መርፌው ትልቅ ነው፣ ከተወጋ በኋላ አንድ ቀን እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። የሚያሳዝነኝ ግን ህመሙ አይደለም፣ መወጊያ ቦታ ማጣቱ ነው። አንድ ወር ላይ ሦስት ቦታ ዞሯል፣ አንዱ "መድኃኒቱ የለም" አለው፣ ሌላው "እኛ ይሄን መርፌ አንወጋም፣ ሰው ይሞታል" ብሎ መለሰው። አለርጂ እንዳለ ይታወቃል፣ መፍራታቸውን አልኮንንም፣ ግን ጠይቆ፣ ለድንገተኛ የሚሆን አድሬናሊን አዘጋጅቶ፣ ወግቶ 20 ወይ 30 ደቂቃ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ስምንት አመት ሙሉ በየወሩ ምንም ሳይሆን የተወጋን ልጅ ካርዱን እያሳየ መመለስ ምን ይባላል? እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ ህብረት አስተናጋጅነት ባለሙያዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ ህመምን ከአህጉሩ ለማጥፋት የወጣው መግለጫ "የአዲስ አበባ ኮሚዩኒኬ" ነው የሚባለው፣ ከሰባቱ እርምጃዎች አንዱ ጥራት ያለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በበቂ እንዲቀርብ የሚል ነው። በከተማችን ስም የተጠራ ሰነድ፣ መርፌው ግን በከተማችን ተፈልጎ ይታጣል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሰረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ስንት ልጅ ወረፋ እንደሚጠብቅ ያየ ሰው፣ ከነዛ ልጆች ብዙዎቹ በአንድ መርፌ ወይ በሁለት ጠርሙስ ሲሮፕ ሊድኑ ይችሉ እንደነበር ሲያስብ እንቅልፍ ይነሳዋል።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ልጇን ሲያመው ጉሮሮውን በጥጥ ጠርገው በደቂቃዎች ውስጥ ስትሬፕ (ያው ስትሬፕቶኮከስ) ነው አሏት፣ በቀን አንዴ የሚጠጣ አሞክሳሲሊን ለ10 ቀን ሰጧት፣ በነጋታው ትኩሳቱ ስለጠፋ ትምህርት ቤት ተመለሰ። እዛ የሚቀናኝ ምርመራው ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ህመም እኮ ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ ምንም አይሰራለትም፣ ልጆች ላይ ከሦስት ወይ ከአራቱ አንዱ ቢሆን ነው ስትሬፕ የሚሆነው። እኛ ጋ ያ ምርመራ በሁሉም ቦታ የለም፣ ስለዚህ ሐኪሙ አይቶ ነው የሚወስነው፣ ሳልና ንፍጥ ካለ፣ ድምጽ ከዘጋ፣ አይን ከቀላ ወደ ቫይረሱ ያደላል፣ ትኩሳት ኖሮ ሳል ከሌለ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ካለ፣ አንገት ላይ ያለው እጢ አብጦ ሲነካ ካመመ ወደ ስትሬፕ። ኤኤስኦ የሚባል የደም ምርመራ የሚያዝዙ አሉ፣ እሱ ቀደም ብሎ ባክቴሪያው ይዞን እንደነበር ነው የሚያሳየው፣ ዛሬ ላመመው ጉሮሮ ብዙም አይጠቅምም፣ ሩማቲክ ፊቨር ሲጠረጠር ነው ቦታው።

ስቶክሆልም ያለ የአክስቴ ልጅ ደሞ "እኛ ጋ 5 ቀን ነው የሚሰጡት፣ አንቺ ምን 10 ቀን ትያለሽ" ብሎ ተከራከረኝ። ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የስዊድን ጥናት አለ፣ 433 ሰው ላይ፣ ፔኒሲሊን ቪ 800 ሚሊግራም በቀን 4 ጊዜ ለ5 ቀን የወሰዱትና 1000 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ10 ቀን የወሰዱት፣ በመዳን በኩል ብዙም አይለያዩም፣ 89.6 በመቶና 93.3 በመቶ። ግን ባክቴሪያው ከጉሮሮ የጠፋላቸውን ብታዩ 80.4 እና 90.7 ነው። ስዊድን ውስጥ ሩማቲክ ፊቨር የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጉሮሮው ከዳነ በቂያቸው ነው፣ መድኃኒትም ይቆጥባሉ፣ ትክክል ናቸው። ደሞ 5 ቀን ቢሉም በቀን አራት ጊዜ ነው፣ የኔ አይነቱ በስህተት የተቋረጠ 5 ቀን አይደለም። እኛ ግን ያቺ የቀረችው ባክቴሪያ ምን እንደምታደርግ በየሆስፒታሉ እያየን ነው፣ የሱን 5 ቀን እኔ ቤት አላስገባም።

እማዬ ቅዳሜ ሁለቱን ጠርሙስ ይዤ ስገባ "ልጁ ድኗል፣ ምን ያንገበግብሻል ልጄ፣ መድኃኒት ሲበዛ ሆድ ይጎዳል" አለችኝ። ሆዱን ትንሽ አለሳልሶታል እውነት ነው፣ ለብዙ ልጆች ያጋጥማል፣ ፈሳሽ እየሰጣችሁ ቀጥሉ፣ ሽፍታ ወይ የፊት እብጠት ከመጣ ግን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ከእማዬ ጋር አልተከራከርኩም። ወንድሜ ነው ወንበር ስቦ አጠገቧ የተቀመጠው፣ "እማዬ፣ ያኔ ለኔ 6 ፍሬ ነው የደረሰኝ፣ ታስታውሻለሽ?" አላት በቀስታ። ዝም አለች። ብዙ ቆይታ ነጠላዋን አስተካከለችና ተነስታ ስሪንጁን ራሷ አጥባ አመጣችልኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ከኔ ቀድማ የምትጠራው እሷ ናት።

አንዳንድ ሰው የሚጠይቀኝን በአጭሩ። አንድ ጊዜ ከረሳችሁ እንዳስታወሳችሁ ስጡት፣ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ደርባችሁ እጥፍ አትስጡ። ወዲያው እንደጠጣ ካስመለሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይደገማል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎው፣ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ጉሮሮውን ካመመው እሱም ይታይ፣ ከወንድሙ ጠርሙስ አይቀዳለትም፣ እኛ ቤት በ6 እና በ4 የተካፈለው ይበቃል። ቶንሲል ማስቧጠጥና እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ነው የሚያመጣው፣ እዚህ ላይ የማንንም አያት አላፍርም፣ እባካችሁ አታድርጉት። በጾም ምክንያት መድኃኒት የምታቋርጡ ደሞ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ የኔን ስጠይቃቸው "መድኃኒት ምግብ አይደለም ልጄ፣ ውሰጂ" ነው ያሉኝ።

ልጄ ባለፈው ሳምንት ሮብ ማታ የመጨረሻዋን 20 ሲሲ ጠጣ። ፍሪጁ ላይ 10 ሳጥን ሰርቼ በየቀኑ ሁለት ምልክት ሲያደርግ ነበር፣ ሃያኛውን ራሱ በቀይ እስክሪብቶ ሞላው። ዛሬ ሀሙስ ነው፣ ነገ የወንድሜ የመርፌ ቀን ነው። ባለፈው ወር የወጋችው ነርስ መድኃኒቱ እንዳለ ትናንት በስልክ አረጋግጣለታለች፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አብሬው እሄዳለሁ።